የመመላለሻ በረራ ከሐዋሳ፦ የትኬት ወጪን በአቅም ልክ የመያዝ አሠራር

ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በአውሮፕላን ደግሞ ከመነሳት እስከ ማረፍ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህን ልዩነት አይቶ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ መብረር የሚመኝ ሰው ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ነው፦ ቤተሰቡ እዚህ ሆኖ ሥራው አዲስ አበባ የሆነበት ሠራተኛ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ተቀጥሮ ወደ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚመላለስ ባለሙያ፣ ትምህርቱን አዲስ አበባ የሚከታተል የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የሕክምና ቀጠሮ ያለበት ታማሚና አስታማሚው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ትኬት የሚቆርጡት ጉዞው ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው በመሆኑ ሁልጊዜ ውዱን ዋጋ ይከፍላሉ፤ ጥቂት ወራት እንዲህ ከሄዱ በኋላም «አውሮፕላን የእኛ አቅም አይደለም» ብለው ይተዉታል። እኔም በዚህ መስመር መመላለስ ስጀምር የሄድኩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ለተመላላሽ ሰው ርካሽ ትኬት በየጉዞው ዋዜማ የሚታደን ነገር አይደለም። የሦስት ወሩን ጉዞ በአንድ ላይ ዘርግቶ፣ እርግጠኛ የሆነውን ቀድሞ መቁረጥ፣ እርግጠኛ ያልሆነውን ደግሞ ለመኪና መተው ያስፈልጋል። የሚከተለው አሠራር በዚህ ላይ የቆመ ነው። የሐዋሳን አየር ማረፊያ ለሚጠቀሙ የሻሸመኔ፣ የይርጋለምና የዲላ ነዋሪዎችም፣ ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደውን መንገድ በስሌታቸው እስከጨመሩ ድረስ፣ በዚሁ መልክ ያገለግላል።

አንደኛ ደረጃ፦ የትኛው ጉዞ አውሮፕላን እንደሚገባው ይለዩ

ከሐዋሳ በመደበኛ የጊዜ ሰሌዳ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ሰው እንደሚያደርገው የብዙ አየር መንገዶችን ዋጋ ማወዳደር እዚህ ቦታ የለውም፤ የትኬቱ እውነተኛ ተፎካካሪ መኪናው ነው። ንጽጽሩ መደረግ ያለበትም ከቤት ደጃፍ እስከ ሥራ ቦታ ደጃፍ ነው እንጂ ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ አይደለም።

በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በአንደኛው ከቤት እስከ ሐዋሳ አየር ማረፊያ የሚፈጀውን ጊዜና የባጃጅ ወይም የታክሲ ሒሳብ፣ በፍተሻና በመጠበቂያ ክፍል የሚያልፈውን ጊዜ፣ በረራውን፣ ሻንጣ ካለ የሻንጣ ጥበቃውን፣ ከዚያም ከቦሌ እስከ ሥራ ቦታ ያለውን ጉዞና ሒሳብ ይጻፉ። በሁለተኛው ከቤት እስከ መናኸሪያ፣ የአውቶቡሱን ወይም የሚኒባሱን ዋጋና ሰዓት፣ በመንገድ ላይ የሚበላውን ምግብ፣ ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ የሚገባበትን ጊዜ ይጻፉ። ይህን ሲያደርጉ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይታያል፤ አውሮፕላኑ ከደጅ እስከ ደጅ ሲቆጠር አራት ሰዓት ገደማ የሚጨርስበት ቀን ብዙ ነው፤ መኪናው ደግሞ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በኩል ያለው መጨናነቅ ተጨምሮበትም ቢሆን፣ በአምስትና በስድስት ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። የሚተርፈው ጊዜ እንደሚታሰበው ሰፊ አይደለም።

ልዩነቱን የሚያሰፋው ወይም የሚያጠበው የሥራ ቦታው አቀማመጥ ነው። ሥራዎ ቦሌ፣ መገናኛ ወይም ካዛንቺስ ከሆነ አውሮፕላኑ እዚያው አጠገብ ያወርድዎታል። ሥራዎ አቃቂ፣ ቃሊቲ ወይም ሳሪስ ከሆነ ግን መኪናው በራፍዎ ላይ ሊያወርድዎ ሲችል፣ ከቦሌ ተመልሶ ወደ ደቡብ መውረድ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ነገር በብር ይተምኑ፦ አዳር። የጠዋቱ በረራ አንድ ሌሊት የእንግዳ ማረፊያ ኪራይና የእራት ወጪ የሚያስቀርልዎ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ከትኬቱ ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት። በእኔ ስሌት አውሮፕላኑ በአብዛኛው የሚያዋጣው በማለዳ ሄዶ በዚያው ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ሲኖር፣ ሕመምተኛ ሲያዝ፣ ወይም ጉዞው ቀጥሎ ከአዲስ አበባ ወደ ሌላ ከተማ የሚያልፍ ሲሆን ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የሦስት ወሩን ጉዞ በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ

«ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» እንደሚባለው፣ ከሁሉም ደረጃዎች የበለጠ ገንዘብ የሚያተርፈው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የቀን መቁጠሪያ ያውጡና በሚቀጥሉት ሦስት ወራት መሄድዎ የማይቀርባቸውን ቀናት በአንድ ቀለም፣ ሊለወጡ የሚችሉትን በሌላ ቀለም ያስምሩ። የፈተና ቀን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ በየወሩ መጨረሻ የሚደረግ የሒሳብ መዝጊያ ስብሰባ በመጀመሪያው ቀለም ይገባሉ። «ምናልባት ይጠሩኝ ይሆናል» የሚባለው ሁሉ በሁለተኛው ይገባል። በአውሮፕላን አስቀድሞ የሚቆረጠው የመጀመሪያው ቀለም ብቻ ነው።

ቀጥሎ በዚያው ገጽ ላይ በረራ የሚሞላባቸውን ቀናት ይመዝግቡ። ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ በመሆኗ የሳምንት መጨረሻ እንግዳ አላት፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ያለው ፈላጊ ብዙ ነው። በሆቴሎቻችን የሚካሄደው ሥልጠናና ወርክሾፕም አለ፤ አንድ ድርጅት 20 ወይም 30 ተሳታፊ በአንድ ላይ ሲያመጣ፣ ስብሰባው በሚጀመርበት ዋዜማ ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ በሚጠናቀቅበት ቀን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው በረራ በአንድ ጀምበር ውድ ይሆናል። የሐዋሳ ነዋሪ የሆነ ተመላላሽ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው፤ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ሲወጣ ከእንግዳው ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው ዓርብ ሲመለስ ነው። ሥራዎ የሚፈቅድ ከሆነ ሐሙስ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ መመለስን ይሞክሩ፤ ካልሆነም የዓርቡን መልስ ለመኪና ይተዉት።

በዓላቱን በሁለት ክፍል አድርጎ መያዝ ይጠቅማል። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ መስቀልና እንቁጣጣሽ በአገሪቱ በሙሉ በረራ ይሞላሉ። የሐዋሳ የራሷ የሆኑት ደግሞ ሌላ ናቸው። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 የሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከሩቅ ብዙ ምእመን ያመጣል። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምባላላ ደግሞ ቀኑ በአያንቶዎች (በሲዳማ የከዋክብት አዋቂ ሽማግሌዎች) የከዋክብት ቆጠራ ስለሚወሰን በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ ቀኑ እንደተነገረ ወዲያውኑ በገጽዎ ላይ ያስገቡት። በእነዚህ ሳምንታት የሚውል የማይቀር ጉዞ ካለ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የሚቆረጠው እሱ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ዋጋው ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይረዱ

በአንድ በረራ ላይ ያሉ መቀመጫዎች በአንድ ዋጋ አይሸጡም። አየር መንገዱ ተመሳሳዩን ወንበር በፊደል በተሰየሙ የዋጋ መደቦች ይከፋፍለዋል፤ ርካሹ መደብ ጥቂት ወንበር ይመደብለታል፣ እሱ ሲያልቅ ሥርዓቱ ወደ ቀጣዩ መደብ ይሸጋገራል። በአገር ውስጥ አጭር መስመሮች በብዛት የሚበረው ባለ ሁለት ሞተር ዳሽ 8-400 ከ70 እስከ 80 ባለው መካከል መንገደኛ ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ርካሹ መደብ በትንሽ ፈላጊ ያልቃል። እንግዲህ ትናንት ያዩት ዋጋ ዛሬ የጨመረው፣ አንዳንዶች እንደሚያምኑት ስልክዎ ደጋግመው መፈለግዎን ስላወቀ አይደለም፤ በመሐል ሌላ ሰው ስለገዛ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት ትኬት ይረክሳል» የሚለው አባባልም ለዚህ መስመር አይሠራም። የሚወስነው የሚገዙበት ቀን ስሙ ሳይሆን፣ እስከ በረራው የቀረው ጊዜና የዚያ በረራ ፈላጊ ብዛት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ ሥርዓቱ ለሁላችሁም የሚሰጠው ሦስት ወንበር ያለበትን መደብ ዋጋ ነው። በርካሹ መደብ የቀረው አንድ ወንበር ቢሆን፣ ሦስታችሁም ወደ ውዱ ትገባላችሁ። ስለዚህ በቅድሚያ ለአንድ ሰው ብቻ ፈልገው ዋጋውን ይመልከቱ፣ ከዚያ ለሦስት ይፈልጉ፤ ልዩነት ካለ ለየብቻ ይቁረጡ። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ይዘው ከሆነ ግን ትኬቱ መነጣጠል የለበትም፤ በረራ ቢቀየር አንዱ ወደ ሌላ ሰዓት ሊዛወር ይችላልና።

አራተኛ ደረጃ፦ ዋጋውን ከምንጩ ይፈልጉ

ፍለጋውን በአየር መንገዱ በራሱ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ይጀምሩ። የሚሸጥበት አገር ኢትዮጵያ፣ ገንዘቡም ብር መሆኑን ያረጋግጡ። ውጭ ያለ ዘመድ በቅንነት «እኔ ልክፈልልህ» ብሎ በውጭ ካርድ በዶላር ሲገዛ ለነዋሪ ከሚሸጠው ብር ዋጋ በላይ ሊከፍል ይችላል፤ ገንዘቡን ልኮ እዚህ ቢቆረጥ ይሻላል። በአንጻሩ ዘመድዎ ራሱ ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ከሆነ ጉዞውን እስከ ሐዋሳ በአንድ ትኬት ማስቆረጥ፣ ወይም በ071 የሚጀምረውን የዓለም አቀፍ ትኬት ቁጥሩን ይዞ የአገር ውስጥ ቅናሽ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከአንድ ቀን ይልቅ የሦስት ቀን ዋጋ ይመልከቱ፤ ከሚፈልጉት ቀን በፊት ያለውን፣ ራሱን ቀኑንና የማግስቱን። በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ በረራ ካለም ሁሉንም ያወዳድሩ፤ የማለዳውን ሁሉም ይፈልገዋል፣ የእኩለ ቀኑ ግን ብዙ ጊዜ ይቀልላል።

ጉዞዎ አዲስ አበባ ላይ የማያበቃ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ መቀሌ የሚሄዱ ከሆነ፣ ሁለቱን በረራ ለየብቻ አይግዙ። በአንድ ትኬት ሲገዛ በብዛት ይረክሳል፤ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው መድረሻ ይለጠፋል። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ሌላ በረራ ፈልጎ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ከተገዛ ግን ያመለጠው በረራ ኪሳራ የእርስዎ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከመክፈልዎ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ታማሚ እናቱን ይዞ ለቀጠሮ ሊሄድ «7:00» የሚለውን በቀኑ ሰባት ሰዓት ብሎ አንብቦ፣ አየር ማረፊያ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ብዙ ሰዓት አልፎት ነበር። እናትየዋን በዚያው ቀን በሚኒባስ ነው የወሰዳቸው። የትኬቱ ገንዘብ ተበልቶ የመኪናው ተጨመረበት፤ የደረሰባቸው እንግልት ግን በገንዘብ የሚተመን አልነበረም።

በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ለመመለስ ስድስት ይቀንሱ፤ የቀረው ዜሮ ከሆነ 12 ይበሉት፣ ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 ይቀንሱለት። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1:00 ነው። 06:45 ከጠዋቱ 12:45 ነው። 13:30 ከቀኑ 7:30፣ 19:10 ደግሞ ከምሽቱ 1:10 ይሆናል። ቁጥሩ ከ12 በላይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መሆኑን፣ ከ12 በታች ከሆነ ከቀትር በፊት መሆኑን አይርሱ። በስልክ ለሰው ሲናገሩም «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በትኬቱ ላይ 07:00» ብለው ሁለቱንም ይጥሩ፤ ትኬት ቆራጩ በአንደኛው፣ ተጓዡ በሌላው አቆጣጠር የሚያስብበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የቀጠሮ ወረቀቱ በእኛ፣ ትኬቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። ገና፣ ማለትም በአብዛኛው ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጆቹ ጥር 7 ላይ፣ መስቀል ደግሞ በእነሱ መስከረም 27 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ከእኛ መስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ቀኖቹ በአንድ ይገፋሉ፤ በዚያ ዓመት መስቀል በእነሱ መስከረም 28 ላይ ይውላል። በቃል ከማስላት ይልቅ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ። ከዚያም የሳምንቱን ቀን ያስተያዩ፤ ቀጠሮው ረቡዕ ከሆነ ትኬቱም ረቡዕ ማለት አለበት። ይህ አንድ ማስተያየት ብቻ አብዛኛውን ስሕተት ያወጣዋል።

በዚሁ አጋጣሚ ስምዎ በላቲን ፊደል የተጻፈው በፋይዳ መታወቂያዎ ወይም በፓስፖርትዎ ላይ ባለው አጻጻፍ መሆኑን ያረጋግጡ። የአባት ስም በመጨረሻ ስም ቦታ ይገባል። «ጸ» እና «ቀ» ያለባቸው ስሞች በሁለትና በሦስት መንገድ ስለሚጻፉ በተለይ ይጠንቀቁ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ደርሶ መልስ ወይስ የአንድ ጉዞ?

የሚመለሱበት ቀን በመጀመሪያው ቀለም የተሠመረ ከሆነ ሁለቱንም ዋጋ ይመልከቱና የቀለለውን ይውሰዱ። መልሱ እርግጠኛ ካልሆነ ግን የመሄጃውን ብቻ በአውሮፕላን ቆርጠው መልሱን በመኪና ቢያደርጉ ይሻላል። ሰው ጠዋት የሚቸኩለው ለስብሰባ ነው፤ ማታ ቤቱ አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጉዞዬን የማደርገው በዚህ መልክ ነው፤ ሁለቱንም መንገድ ስበር ከነበረበት ጊዜ ይልቅ በወሩ መጨረሻ ላይ የሚቀረኝ ገንዘብ በግልጽ ይለያል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አያድርጉ። ደርሶ መልስ ቆርጠው «መሄጃውን በመኪና ልሂድና መልሱን እጠቀምበታለሁ» አይበሉ። የመጀመሪያውን በረራ ሳያሳውቁ ከቀሩ ሥርዓቱ ቀሪውን ጉዞ ይሰርዘዋል፤ ቦሌ ላይ ቆመው ትኬት እንደሌለዎ ይነገርዎታል።

ለመሰረዝም ሆነ ለመለወጥ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ማሳወቅና ሳያሳውቁ መቅረት በዋጋ እጅግ ይለያያሉ። በመለወጥ ጊዜ የሚከፈለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የቅጣት ክፍያው፣ ሁለተኛው በአሮጌውና በአዲሱ በረራ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት። ርካሹ መደብ ቅጣቱ ከፍ ያለ ወይም ገንዘቡ የማይመለስ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመክፈልዎ በፊት በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን የትኬቱን ደንብ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ቀን እንደለወጡ ያስቡ፤ ከአራት ጉዞ በአንዱ የሚለውጡ ከሆነ ትንሽ ውድ ሆኖ የሚለወጠው መደብ በመጨረሻ ይቀልልዎታል። የማይመለስ ትኬት ሳይበሩበት ቢቀርም ግብሩና የአየር ማረፊያ ክፍያው ይመለስ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ክፍያ

በመተግበሪያው ቦታ ከያዙ በኋላ በቴሌብር ወይም በባንክዎ የሞባይል አገልግሎት መክፈል ይቻላል። የተያዘው ቦታ የመክፈያ ጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ ይሰረዛል፤ እንደገና ሲፈልጉም ርካሹ መደብ አልቆ ሊጠብቅዎ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡን በሒሳብዎ ውስጥ ሳያዘጋጁ ፍለጋ አይጀምሩ። በክፍያ መሐል ኔትወርክ ቢቋረጥ ወዲያው ደግመው አይክፈሉ። በመጀመሪያ ገንዘቡ መቀነሱን በባንኩ መልእክት፣ ትኬቱ መውጣቱን ደግሞ በ071 በሚጀምረው ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ያረጋግጡ። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ መያዣ ኮድ ብቻውን ትኬት አይደለም፤ ይህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

የጉዞ ወኪል ጋ መሄድ የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤትዎ የቲን ቁጥሩ ያለበት ደረሰኝ ሲጠይቅ ወይም ጉዞው ውስብስብ ሲሆን ነው። የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነ ለብቻው ተጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በማኅበራዊ መገናኛ «በግማሽ ዋጋ» እያሉ ትኬት ለሚሸጡ ሰዎች ግን ገንዘብ አይላኩ። ቢያንስ ኮዱንና ስምዎን በአየር መንገዱ መተግበሪያ ውስጥ አስገብተው ትኬቱ በእርግጥ መውጣቱን ሳያዩ ምንም አይክፈሉ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ሻንጣ

ተመላላሽ ሰው በእጅ የሚያዝ 7 ኪሎ ይበቃዋል። ሻንጣ ሳያስረክቡ መጓዝ በሁለቱም ጫፍ ጊዜ ያተርፋል። ከሐዋሳ ዘመድ የሚያስልከው ቡና፣ አቮካዶና ቆጮ አንድ ላይ ሲደመር ይከብዳልና ከባዱን በአውቶቡስ ጭነት ይላኩት። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ብቻ ይያዝ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ የመመላለስዎን ዋጋ ያስቆጥሩ

በየአሥራ አምስት ቀኑ እየበረሩ የሸባማይልስ፣ ማለትም አየር መንገዱ ለተደጋጋሚ መንገደኞች ማይል (ነጥብ) የሚመዘግብበት ፕሮግራም፣ አባል አለመሆን ገንዘብ መጣል ነው። ምዝገባው በነፃ ነው፤ የአባልነት ቁጥሩም ትኬት በሚቆረጥበት ጊዜ ይገባል። አጭር በረራ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ማይል ጥቂት ነው፤ ርካሹ መደብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሰጣል። ሆኖም በዓመት ሃያና ሠላሳ ጊዜ የሚበር ሰው ድምሩ ሌላ ነው። ደረጃው ከብሉ ወደ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ሲያድግ የሻንጣና የቅድሚያ መስተንግዶ ጥቅም ይጨምራል። ማይሉ በስምዎ እስኪገባ ድረስ የመሳፈሪያ ካርድዎን ቁራጭ አይጣሉት፤ ሳይመዘገብ የቀረውን ለማስገባት የሚጠየቀው እሱ ነው።

የሚመላለሱት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከሆነ ጥያቄውን ወደ መሥሪያ ቤቱም ይውሰዱት። ብዙ ሠራተኛ የሚያመላልስ ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር የድርጅት ስምምነት መዋዋል ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ የውሎ አበል ደንቡ ይፈተሽ፦ ጠዋት በርሮ ማታ በመኪና የተመለሰ ሠራተኛ የሁለት ቀን አበልና አዳር ያስቀራል፤ ይህን ቁጥር በአንድ ገጽ አድርገው ለፋይናንስ ክፍሉ ቢያሳዩ ትኬቱ የሚፈቀድበት ዕድል ሰፊ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከለከለው የአውሮፕላኑን ዋጋ ከአውቶቡሱ ዋጋ ጋር ብቻ አስተያይተው ስለሚያዩት ነው።

አሥረኛ ደረጃ፦ የራስዎን የዋጋ መዝገብ ይያዙ

ተራ ደብተር ይበቃል። የቆረጡበትን ቀን፣ እስከ በረራው ስንት ቀን እንደቀረው፣ የበረራውን ቀንና ሰዓት፣ የከፈሉትን ብር፣ የለወጡ ከሆነ የቅጣቱን መጠን፣ ሳይገዙ ያዩትን ዋጋም ጭምር ይጻፉ። ሦስት ወር ሲሞላ ይህ ደብተር ማንም ሊነግርዎ የማይችለውን ይነግርዎታል፤ በእርስዎ ቀንና ሰዓት ርካሹ መደብ ስንት ቀን ሲቀረው እንደሚያልቅ። ለአንዱ ሁለት ሳምንት፣ ለሌላው አምስት ሳምንት ሊሆን ይችላል። የነዳጅና የምንዛሪ ለውጥ ታሪፉን በሙሉ ከፍ ባደረገ ጊዜም፣ በተለይ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ደጋግሞ የሚያሳስብ ሆኗል፣ የጨመረው ሁሉም መደብ ይሁን ወይስ እርስዎ ዘግይተው ይሁን ከደብተሩ መለየት ይችላሉ።

የጉዞው ዕለት

በዋዜማው ማታ የበረራውን ሁኔታ በመተግበሪያው ይመልከቱ፤ አየር መንገዱ የሰዓት ለውጥን በአጭር መልእክት የሚያሳውቀው ትኬቱ ላይ በተመዘገበው ስልክ ስለሆነ፣ ወኪሉ የራሱን ሳይሆን የእርስዎን ቁጥር ማስገባቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። በክረምት ወራት ደመናና ዝናብ በረራ ያዘገያል። ፈተና ወይም የማይደገም ቀጠሮ ካለዎ በዚያው ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ይሂዱ።

በረራው ቢሰረዝ ወዲያው ወደ መናኸሪያ አይሩጡ። በመጀመሪያ በአየር ማረፊያው መስኮት ቀርበው ያለ ቅጣት ወደ ቀጣዩ በረራ መዛወር ወይም ገንዘብ ማስመለስ እንደሚፈልጉ ይናገሩ፤ በትኬትዎ ላይም እንዲመዘገብልዎ ያድርጉ። ይህ ሳይደረግ ከሄዱ በሥርዓቱ ውስጥ የሚታዩት ያልመጣ መንገደኛ ሆነው ነው። ማስመዝገቡ ካለቀ በኋላ ሰዓትዎን ይመልከቱ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከሆነ ከመናኸሪያው ተነስተው ከሰዓት በኋላ ለሚጀመር ስብሰባ አዲስ አበባ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ለዚህም የሚሆን የመኪና ገንዘብ ሁልጊዜ በኪስዎ ለብቻው ይቀመጥ።